ቀበጧ ሃዲዱ ላይ ስትደርስ

ባለፈው ሰሞን እሁድ ጠዋት ልጄ ሰብለ አንድ የዛገ የወተት ጣሳ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ከአባቷ የዕቃ ሳጥን ሥር ያገኘችው ነው። ከውስጡ አንዲት ቁራጭ ጨርቅ መዘዘችና «እማዬ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብላ አፍንጫዬ ሥር አስጠጋችልኝ። ጨርቋ ድሮ ነጭ ነበረች፤ አሁን የሻይ ቀለም ይዛለች። ዳርዋ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ሁለት ዶቃዎች ቀርተዋል። ሽታዋ ግን ትናንት የነከሯት ይመስላል፤ ቤንዚን ነው። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፣ ቢላዋውን አስቀመጥኩት።

«የሰርጌ ቬሎ ነው» አልኳት።

«ቬሎ? ከካንዴላና ከብሎን ጋር?»

«አባትሽን ጠይቂው።»

ባለቤቴ ታደሰ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። የፋብሪካ ሞተር ጆሮውን ከበላው ቆይቷል፤ ሰው ካልጮኸለት አይሰማም። ሰብለ ጨርቋን ፊቱ ላይ ስታወዛውዝለት ሳቀና «እሷ ትንገርሽ፤ መቀሱን የያዘችው እሷ ናት» አለ።

ልነግራት ብጀምር ቸኮለች። ሰብለ ሁሌም ትቸኩላለች። ገላን ኮንዶሚኒየም ከደረሳት ወዲህ እኛ ጋ የምትመጣው በእሁድ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ለእኛ ብላ አይመስለኝም። ግቢያችን ጥግ ሸራ ለብሳ ለዘመናት ለተቀመጠችው ለአባቷ መኪና ነው። ቂሊንጦ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ጥገና ስለምትሠራ እጇ ከብረት አይለይም። ከብዙ ልፋት በኋላ ሞተሯን አስነሥታታለች፤ እንዲያውም በሚቀጥለው እሁድ ብቻዬን ደብረ ዘይት ድረስ ነድቻት ካልተመለስኩ ብላለች። አንድ ነገር ብቻ አስቸግሯታል። መኪናዋ ነዳጅ ሲረገጥላት ታጓራለች፤ እግር ሲነሣላት ጸጥ ትላለች። መካኒኮች «ሚኒሞ አትይዝም» ይሉታል፤ ሳትሮጥ፣ ባለችበት ቆማ መተንፈስ አትችልም ማለት ነው። ይህን በሽታ አውቀዋለሁ። በዚህ በሽታ ምክንያት አንድ ቀን ይህችኑ ሰብለን አቅፌ ከባቡር ሃዲድ ላይ ዘልያለሁ።

ያኔ አቃቂን የሚያውቅ ሰው ዛሬ ቢመጣ መንገዱ ይጠፋዋል። ከዋናው አስፋልት ገባ ከተባለ መንገዱ ሁሉ የጋሪ ነበር፤ ፈረሶቹ አንገታቸው ላይ ቀይ ክር ታስሮላቸው፣ ባለጋሪዎቹ ለፀሐይ ካርቶን አጥፈው ራሳቸው ላይ ደፍተው። የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ጡሩምባ ሲነፋ የሌሊቱ ተረኛ ይወጣል፣ የቀኑ ይገባል፤ ካኪ ቱታ፣ ኮንጎ ጫማ፣ ሴቶቹ ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ እንደ አመዳይ ሰፍሮባቸው። ዳቦ አሥር ሳንቲም ነበር፣ ያውም እጅ የሚያቃጥል። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ከጠዋት ጀምሮ ቴፑን ይለቀዋል። ካሴቱ ከመደጋገም ብዛት ስለሳሳ ዘፋኟ መሀል ላይ ስትደርስ ድምጿ እንደ ወንድ ይወፍራል። እኛ ዘፈኑን የምናውቀው እንደዚያው ሆኖ ነው፤ ከስንት ዘመን በኋላ ጥሩውን ቅጂ በሬዲዮ ብሰማ ሌላ ሰው የዘፈነው መሰለኝ፣ ቅር አለኝ።

ቤታችን ከባቡሩ ማቋረጫ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነው። ባቡሩ ሲያልፍ ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ። ከድሬዳዋ በኩል ሲመጣ ሎሚና ብርቱካን ይሸታል፤ መስኮቱ ሁሉ በሰውና በጆንያ ተወጥሯል። ሰዓቱን ግን ማንም አያውቀውም። ጠዋት ይደርሳል የተባለው ከሰዓት ይመጣል፤ ዛሬ ቀርቷል የተባለው ድንገት ከች ይላል። ለዚህ ነበር ማቋረጫው ላይ ጋሽ በዳዳ የሚባሉ ዘበኛ የተቀመጡት። ቀይ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት፣ አንድ ሰንሰለትና አንድ ፊሽካ ነበሯቸው። ባቡሩ ሳይታይ በእግራቸው መዳፍ ያውቁታል ይባል ነበር። እኔ ፈሪ ስለሆንኩ በማንም እግር አልተማመንም፤ ሃዲዱን በእግሬ እንኳ ስሻገር ግራና ቀኝ ሁለት ሁለቴ አይቼ፣ አማትቤ ነው።

ታደሰ የፋብሪካው ጋራዥ መካኒክ ነበር። ጋራዡን ይመራ የነበረው ፈረንጅ አገሩ ሲገባ የመኪናውን ቁልፍ እጁ ላይ ጣል አድርጎለት ሄደ። ቀይ ናት፣ ከጣልያን አገር የመጣች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ ሸራ። ከመሬት ያላት ከፍታ ትንሽ ስለሆነ፣ ውስጧ ቁጭ ብዬ ጋሪ ሲያልፈን የማየው የፈረሱን ሆድ ነው። ብስክሌት ያለው ሰው በሚቀናበት ሰፈር እንዲህ ያለውን ነገር ይዘን ብቅ ስንል ሰው ይስቃል፣ ደስም ይለዋል። ስሟን ያወጡላት ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ «ቀበጧ» አሏት። ቦኖ ውሃ ልቀዳ ስሰለፍ «ቀበጧ ዛሬ ተነሣች?» ይሉኛል፣ የታመመ ዘመድ እንደሚጠየቅ። ታደሰ ከወላጆቼ ቤት ከቃሊቲ አጅቦ ያመጣኝም በእሷ ነው። ቬሎዬ ከኋላ እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ፣ እኔ በሁለት እጄ ራሴን ይዤ፣ እሱ ክላክሱን እየነፋ፤ ሚዜዎቹ በሁለት ጋሪ ተጭነው ሊደርሱብን አልቻሉም። ስለ ሰርጌ ሳስብ ድግሱን አላስታውሰውም፣ ያን ነፋስ ነው የማስታውሰው።

ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት ጊዜ ነበር። የታደሰ ድርሻ የቀበጧን ጉሮሮ ለማራስም ስለማይበቃ፣ ከሾፌር ወዳጆቹ በጀሪካን ያመጣል። ከበርሜል ሥር የተጨለፈ ስለሆነ ዝገትም አሸዋም አያጣውም። ታደሰ ደግሞ በዚህ በኩል ጠንቃቃ ነው፤ ሳያጣራ ጠብታ አያስገባላትም። ሰብለን በወለድኩ ሰሞን መጣና «ዘኑ፣ እቤታችን ውስጥ ከሁሉ ንጹሑ ጨርቅ የቱ ነው?» አለኝ። ከሁሉ ንጹሑማ እናቱ ለአራስነቴ ብለው በእጃቸው ፈትለው ያሠሩልኝ ነጠላ ነበር፤ ገና ውሃ ያልነካው፣ እንደ ጫጩት ላባ የሚለሰልስ።

«እሱን ለመኪና?» አልኩት።

«ጫፉን ብቻ። ለእሷም እኮ አራስነቷ ነው፣ ሞተሯን ገና መግጠሜ ነው።»

ሳቄ መጣና ጫፉን ቆርጬ ሰጠሁት። እሱም በማስገቢያዋ አፍ ላይ ዘርግቶ፣ ቤንዚኑን እንደ ጠላ እያጠለለ አጠጣት።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ሳምንታት ቀበጧ ጠባይዋ ተበላሸ። መንገድ ላይ ስትሮጥ ምንም አትሆንም። ታደሰ ቀዝቀዝ አድርጎ እግሩን ከነዳጁ ላይ ሲያነሣ ግን ትንፋሿ ቁርጥ ይላል። ባትሪዋ ደካማ ስለነበር አንዴ ከጠፋች ካልተገፋች አትነሣም። ታደሰ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የምትቀላቅለውን ካርቡራቶሯን ፈትቶ እፍ እፍ ይልባታል፣ ጥቂት ቀን ትድናለች፣ ደግሞ ይብስባታል። ሃዲዱ ጋ ደግሞ መሬቱ ጉብ ስላለ ማንም ሳያቀዘቅዝ አያልፍም።

ያን ዕለት ሰብለን ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ እየወሰድናት ነበር። ረፋድ ነው፣ ፀሐዩ ደስ ይላል፣ ልጅቷ እቅፌ ውስጥ ተኝታለች። ማቋረጫው ጋ ስንደርስ ታደሰ ማርሽ ቀነሰ፤ የፊት ጎማዎቹ ብረቱን ዘለሉ፤ ከዚያ ጸጥ። የወፍ ድምፅ ሰማሁ። መኪና ውስጥ ሆኜ ወፍ መስማቴ ገረመኝ። ቀጥሎ የሰማሁት የባቡር ጡሩምባ ነው።

ጋሽ በዳዳ ፊሽካቸውን እየነፉ ሮጠው መጡ። «ውጪ! አንቺ፣ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ!» በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም፤ ታደሰ ኋላ ላይ «አልከፈትሽውም፣ በላዩ ነው የዘለልሽ» አለኝ። አንድ ጫማዬ እዚያው ቀረ። ሁለት ባለጋሪዎች ፈረሶቻቸውን ጥለው መጡና ከታደሰ ጋር ትከሻቸውን ሰጥተው ገፏት። እውነቱን ለመናገር ባቡሩ ገና ከመታጠፊያው መውጣቱ ነበር፤ እንደ ልማዱ እየተጎተተ መጣ፣ መኪናዋ ከሃዲዱ ከወረደች በኋላ አለፈ። መስኮት ላይ ያለው ሰው ሁሉ እጁን አወዛወዘልን፤ ምን እንደሆንን የሚያውቅ የለ። እኔ ግን ባቡሩ በላዬ ያለፈ ያህል መንገዱ ዳር ተዘርፍጬ ነበር። ሰብለ እንቅልፏን እንኳ አልለቀቀችም።

ጋሽ በዳዳ ጫማዬን በእንጨታቸው ጫፍ አንጠልጥለው አመጡልኝና ወደ ታደሰ ዞሩ። «ስማ አንተ፣ እኔ እዚህ የተቀጠርኩት ባቡር ልጠብቅ ነው፣ ያንተን ቀበጥ ልጠብቅ አይደለም!»

የሰብለ ክርስትና እየደረሰ ነበር። የሴት ልጅ ሰማንያ ቀን አይዛነፍም፤ ማርያም ደግሞ ከሃዲዱ ወዲያ ናት። ታደሰ ልጄን ክርስትና የማስነሣት በቀበጧ ወስጄ ነው ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሯል። እቤት እንደገባን ቁርጡን ነገርኩት።

«በእግሬ ነው የምሄደው።»

«እጠግናታለሁ፣ ዘኑ።»

«ጠግናት። እኔና ልጄ ግን በእሷ ሃዲድ አንሻገርም።»

«እኔ እየነዳሁም?»

«አንተን መች ፈራሁ? እሷን ነው እንጂ።»

አልተቆጣም። ኮፍያውን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ታደሰ ኮፍያውን የሚያወልቀው ቤተ ክርስቲያንና ሲያዝን ብቻ ነው። አንጀቴን በላኝ፤ ግን እሺ አላልኩትም።

በማግስቱ እሁድ ኮፈኗን ከፍቶ ገባባት። ካንዴላዎቹን አውልቆ አጠበ፣ መለሰ፤ ያው ነው። በመጨረሻ ሚኒሞዋ የሚስተካከልበትን ብሎን በካቻቪቴ አጠበቀው። አሁን አልጠፋችም፤ ግን ጩኸቷ ለጉድ ሆነ። ቆማ ሳለ የምትሮጥ ይመስል ትንቀጠቀጣለች፣ ዶሮዎቹ አጥር ዘለው ጎረቤት ገቡ፣ ማርሽ ሲያስገባላት እንደ ደነበረ በቅሎ ወደ ፊት ተወረወረች።

በዚህ መሀል ጋሽ ዑመር ደረሱ። ጋሽ ዑመር የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ የባቡር ሞተር የሚጠግኑ፣ እሁድ እሁድ እኛ ጋ ምሳ የሚበሉ። ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ጋዜጣ ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው በሩ ላይ ቆሙ።

«ታደሰ፣ ራበኝ ላለህ ሰው ሩጥ ትለዋለህ እንዴ?»

«ምን ላድርግ ጋሽ ዑመር? እንዳትጠፋብኝ ብዬ ነው።»

«ይህቺ ርቧታል። ጉሮሮዋን እይላት እንጂ አታስጩኻት። ዘኑዬ፣ ሳሙና በጥብጪልኝ።»

ሳሙናውን አረፋ አድርጌ አመጣሁ። ካርቡራቶሯ ከሞተሩ ጋር የምትገጥምበትን ዙሪያውን አረፋ ቀቧት። ቀዳዳ ካለ አየር ስትስብ አረፋውን ትውጠዋለች፣ ድምጿም ይለወጣል አሉ። አረፋው ንቅንቅ አላለም። «እንግዲያው አየር አይደለም» አሉና ብሎኑን ወደ ቦታው መልሰው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ ከካርቡራቶሯ ጎን አንዲት የነሐስ ፍሬ ፈትተው አወጡ። የጠብመንጃ ጥይት ትመስላለች፣ ግን ከጥፍሬ ታንሳለች። መሀሏ ላይ ቀዳዳ አለ አሉኝ፤ እኔ አላየሁትም።

«ስትሮጥ በትልቁ ጉሮሮ ትጠጣለች» አሉኝ ለእኔ፣ ለታደሰማ አይነገረውም። «ቆማ ግን የምትጠጣው በዚህች ብቻ ነው። ይህቺ ከተዘጋች ሩጫ እንጂ እረፍት የላትም።» ፍሬዋን ወደ ፀሐይ አነሡና በአንድ ዓይናቸው አዩባት። «ጨለማ!»

ታደሰ «ዘኑ፣ መርፌ አምጪ» ከማለቱ ጋሽ ዑመር እጁን መታ አደረጉት። «መርፌ ብትሰድባት ትሰፋለች፤ ሌላ የት ታገኛለህ? በብስክሌት መንፊያ ንፋት።» በአንዱ በኩል ነፋባት፤ ጋሽ ዑመር በሌላው በኩል መዳፋቸውን ዘርግተው ያዙ። አንድ ነገር ወጣ። ጣታቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት፣ አሹት፣ አሸተቱት።

«ያ ሰላም! ጥጥ ነው! ዘኑ፣ መኪናሽ ሸማኔ ልትሆን ነው እንዴ?»

ከዚያ ታደሰ ቀስ ብሎ ወደ ጀሪካኑ ዞረ። የአራስ ነጠላዬ ጫፍ እዚያ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ያ ሁሉ ልስላሴው ብናኝ ኖሯል። ገና ያልታጠበ፣ በእጅ የተፈተለ ጥጥ፤ ቤንዚኑ ባለፈበት ቁጥር ፀጉሩን ይዞ ይወርዳል፤ ወርዶ ወርዶ እዚያች ቀዳዳ ላይ ይሸመናል። ንጹሕ ይሁንላት ብለን ነው ያነቅናት። ጋሽ ዑመር መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ወላሂ፣ እንዲህ ያለ በሽታ ባቡር ላይ አይቼ አላውቅም! እናትህ ይህን ቢሰሙ ቡሉኮ ይሠሩላት ነበር!»

ሲረጋጉ «ብናኝ የሌለው ጨርቅ ያስፈልጋል፣ ናይለን ነገር» አሉ። «ስቶኪንግ የለሽም?»

«ስቶኪንግ ከየት አመጣለሁ ጋሽ ዑመር?»

አንድ ናይለን ብቻ ነበረኝ። ሻንጣው ውስጥ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ። ገብቼ አወጣሁት፣ መቀሱንም ያዝኩ። ታደሰ ሲያየኝ ደነገጠ። «አይሆንም! እሱን አትነኪውም!»

«ምን ላደርገው? ሁለተኛ ላገባበት ነው?»

ከዶቃው በኩል ቆረጥኩት። ያን ጊዜ በዓይኔ ላይ የነበረው ሃዲዱ ብቻ ነው፤ ያቺ ወፍ፣ ያ ጡሩምባ።

የቤንዚን ጋኗን አጠቡ፣ ቱቦዋን ነፉ፣ ቤንዚኑን በቬሎዬ አጣርተው መለሱላት። ከዚያ ጋሽ ዑመር ካቻቪቴውን ይዘው «አሁን ሁላችሁም ዝም» አሉ። ትንሿን ብሎን በቀስታ ያዞራሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ደግሞ ያዞራሉ። «ስሚ ዘኑ፣ ያራስ ጆሮ ነው ያለሽ፤ ስትሰናከል ንገሪኝ።» እውነትም ያን ሰሞን ጆሮዬ የሰብለን ትንፋሽ ሲጠብቅ ነው የሚውለው። «አሁን አንዷን ዘለለች» እላቸዋለሁ፤ ያዞራሉ። «አሁንስ?» «አሁንም።» «አሁን?» ዱክ ዱክ ዱክ ዱክ። ድምጿ ለሰለሰ፣ እኩል ሆነ። ሰብለ ከውስጥ ማልቀስ ብትጀምር መጀመሪያ የሰማሁት እሷን ነው፤ ቀበጧ ያን ያህል ዝም ብላ ትሠራ ነበር።

በክርስትናው ጠዋት ግን ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። ነጠላዬን ለብሼ፣ ጫፉ የጎደለውን፣ ልጄን አቅፌ መኪናዋ አጠገብ ቆምኩ። ታደሰ ግቢ እንኳ አላለኝም፤ በሩን ከፍቶ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያያል። ገባሁ። ማቋረጫው ጋ ስንደርስ ጋሽ በዳዳ ሰንሰለቱን ዘርግተዋል፣ ባቡር እየመጣ ነው። ታደሰ ማርሹን አወጣ፣ እግሩን ከነዳጁ አነሣ፣ ሁለት እጁንም ከመሪው ላይ አንሥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ስሚያት» አለኝ። ባቡሩ መጣ፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ምን ይሰማል? መስኮት ላይ ያሉት ሴቶች ነጫጭ ልብሳችንን ሲያዩ እልል አሉ። የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ አቧራው ገና በአየር ላይ ሳለ ጆሮዬን አቀናሁ። ዱክ ዱክ ዱክ ዱክ። ጋሽ በዳዳ ሰንሰለቱን ለቀቁና በቀይ ጨርቃቸው እጅ ነሡን፤ ተሻገርን።

ጋሽ በዳዳም ጋሽ ዑመርም ዛሬ የሉም። ባቡሩም ቀስ በቀስ እየራቀ ሄዶ ቀረ፤ አዲሱ በሌላ በኩል ያልፋል፣ ሎሚም አይሸት። አሮጌው ሃዲድ እኛ ጋ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ጉብታው ብቻ ቀርቷል። ቤንዚን ግን ዘንድሮም በሰልፍ ነው፤ ሰብለም በጀሪካን ነው የምታመጣው። ይህን ሁሉ በጩኸትም በሳቅም ከነገርናት በኋላ ሄዳ ያቺን የነሐስ ፍሬ ፈታች፣ ወደ ፀሐይ አነሣቻት። «ጨለማ!» አለች፣ ጋሽ ዑመርን ሳታውቃቸው። የዘመናት ቤንዚን እንደ ሙጫ ደርቆባት ኖሯል። መርፌ ልትጠይቀኝ አፏን ስትከፍት እጇን መታ አደረግኋት።

በቤንዚን ነክራ፣ በመንፊያ ነፍታ ስትገጥማት አባቷ ተነሥቶ መጣና ካቻቪቴውን ተቀበላት። መዳፉን ኮፈኗ ላይ አሳረፈ፤ ጆሮው ባይሰማም መዳፉ ይሰማል። እሱ ያዞራል፣ ፊቴን ያየኛል፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ደግሞ ያዞራል። ድምጿ እኩል ሲሆን ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አቆመ።

ከቬሎዬ የቀረውን ሻንጣው ውስጥ ካለበት አውጥቼ ቤንዚኑን እንድታጣራበት ለሰብለ ሰጠኋት። ሂጂ ማለት ግን ከአፌ አልወጣ አለ። በዚያ የከባድ መኪና መንገድ፣ ጣሪያ በሌላት መኪና፣ ብቻዋን! ሳምንቱን ሙሉ እንቢ ለማለት ቃል ስፈልግ ሰነበትኩ። እሁድ ስትመጣ ግን ሻሽ አስሬላት በሩን ከፈትኩላት።

ወጣች። ከበራችን ማቋረጫው አይታይም፣ አጥር በዝቷል፤ ይሰማል ግን። ስትታጠፍ ሰማኋት፣ ጉብታው ጋ ስትደርስ ስትቀዘቅዝ ሰማኋት። ከዚያ ድምጿ ወረደ፣ ወረደ። ታደሰ ፊቴን እያየ «ጠፋች እንዴ?» አለ። ቆይ ብዬ እጄን አነሣሁለት። ዱክ ዱክ ዱክ ዱክ። ቁሚ ያላት ሰው የለም። ባቡር በሌለበት፣ ሰንሰለት በሌለበት ቦታ ቆማለች፤ አንድ ባቡር ከነፉርጎው የሚያልፍበትን ያህል ቆመች። ከዚያ ማርሽ አስገባች፣ ሄደች።

«አልጠፋችም» አልኩት።

«ምን?»

«አልጠፋችም!» ጎረቤት ሁሉ ሰማኝ።

ኮፍያውን አስተካከለና ወደ ወንበሩ ተመለሰ። «እንግዲያው በሩን ዝጊው፣ ነፋስ ገባ» አለኝ።

«ስትመለስ እዘጋዋለሁ» አልኩና ደፉ ላይ ተቀመጥኩ።